በሜዲትራኒያን ዙሪያ ሲጓዙ ምግቡንና ጣፋጩን በሰዓቱ የመቅመስ መመሪያ

በሜዲትራኒያን ዳርቻ ብዙ ምግብ ጣዕሙን የሚያጣው ሠሪው ስላልቻለበት ሳይሆን በላተኛው ያለ ሰዓቱ ስለሚደርስ ነው። ጠዋት አይብ የተሞላ ካኖሎ፣ የሲሲሊው የተጠበሰ የሊጥ ጥቅል፣ ከሰዓት በኋላ ቅርፊቱ ይልፈሰፈሳል። ለቁርስ የተቀቀለ ፉል ማታ ላይ ድስቱ ሥር ተጣብቆ ይቀራል። ከእሳት ወርዶ ሩብ ሰዓት የቆየ ኩነፌ፣ የቱርኮቹ ባለ አይብ ጣፋጭ፣ ደግሞ አይቡ እንደ ላስቲክ ይጠነክራል። ስለዚህ «የት እንብላ?» ከማለት በፊት «በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ይህ መመሪያ የያዘው ሲሲሊን፣ ግሪክን፣ የቱርክን ደቡብ፣ ቱኒዝያንና እስክንድርያን ነው። ሰዓቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቀኑን ያጣሩ

በጣሊያን ነሐሴ አጋማሽ ላይ (በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ግድም) ባለቤቶች ለዕረፍት ስለሚሄዱ በከተማ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ቤቶች ይዘጋሉ። በረመዳን ወር በቱኒዝያና በግብፅ ቀን ላይ ክፍት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይገኝ ጣፋጭ ሁሉ ይወጣል። በረመዳን የሚሄድ ሰው ቀኑን ለእረፍት፣ ምሽቱን ለመብላት ቢመድብ ይሻለዋል።

ለምንጾም ደግሞ የፋሲካ ሰሞን የተለየ ዕድል ነው። ፋሲካችን ከግሪኮችም ከግብፅ ኮፕቶችም ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ኮፕቶች እንደ እኛ 55 ቀን ስለሚጾሙ መነሻውም አንድ ነው። ግሪኮች ግን አንድ ሳምንት ዘግይተው ይገባሉ፤ እኛ ዘወረደን ስንጾም እነሱ ገና አይብ ይበላሉ። በዚያ ሳምንት አቴንስ የደረሰ ጾመኛ የጾም ምግብ በሰፊው ሳይወጣ ይቀድመዋል። ሳምንቱ አልቆ በሚመጣው ሰኞ፣ እነሱ «ንጹሕ ሰኞ» በሚሉት ቀን፣ ላጋና የሚባል ሰሊጥ የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ዳቦ በየዳቦ ቤቱ ይደረደራል። ላጋና የሚጋገረው ለዚያ ቀን ስለሆነ ጠዋት ካልገዙት ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ለአንድ ቀን አራት ነገር ብቻ ይምረጡ

አንድ የጠዋት ነገር፣ አንድ የመንገድ ላይ ጨዋማ ነገር፣ አንድ በጠረጴዛ የሚበላ ምግብ፣ አንድ ጣፋጭ። ከዚያ በላይ ሲሆን ምላስ ይደነዝዛል። በተለይ ሽሮፕ የጠጣ ጣፋጭ ተከታትሎ ከተበላ ሦስተኛው ከመጀመሪያው አይለይም። ሁለት ሰው ከሆኑ አንድ ድርሻ ለሁለት ይዘዙ። ይህን ማንም አይጠላውም።

መጠን ለመናገር ጥቂት ቃላት ይበቃሉ። በጣሊያን «ኡን ኤቶ» ማለት 100 ግራም ነው። ለሁለት ሰው ቅምሻ ይበቃል። በግብፅ «ሩብዕ ኪሎ» 250 ግራም ነው። በቱርክ ባቅላባ በ«ፖርሲዮን» ይታዘዛል፤ ብዙ ጊዜ አራት ቁራጭ ስለሚመጣ «ያርም ፖርሲዮን» ብለው ግማሹን ይጠይቁ። የተለያየ ዓይነት ለመቅመስ «ካርሽክ» ይበሉ፤ ቅልቅል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ዋጋውን አስቀድመው ይወቁ

በጣሊያን ቡና ቤት ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣትና ወንበር ይዞ መጠጣት ዋጋቸው ይለያያል። ውጭ፣ አደባባይ ላይ መቀመጥ ከሁሉ ይወደዳል። ሰው በሚበዛበት ቤት መጀመሪያ ካሸር ዘንድ ከፍለው ደረሰኙን ይዘው ወደ ባንኮኒው ይሄዳሉ። ሌሎች ሲከፍሉ ዓይተው ይከተሉ። ሬስቶራንት ውስጥ ደግሞ «ኮፔርቶ» የሚባል የመቀመጫና የዳቦ ሂሳብ በሰው ይጨመራል። ማጭበርበር አይደለም፤ ሜኑው ላይ መጻፍ አለበት።

የማኪያቶ ነገር ብዙ ሐበሻ ያሳስታል። ጣሊያን ውስጥ ማኪያቶ ብለው ሲያዝዙ የሚመጣው በወተት ጠብታ የተነካች ትንሽ ኤስፕሬሶ ናት። አዲስ አበባ የለመዱትን የሚመስል ከፈለጉ ካፑቺኖ ይቀርባል፤ ጣሊያኖች ግን ካፑቺኖ የሚጠጡት ጠዋት ነው። «ላቴ» ብቻ ካሉ ባዶ ወተት ይመጣልዎታል።

ትልቁ የሂሳብ ድንጋጤ የሚመጣው ከዓሣ ነው። ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓሣ አይደለም። በጣሊያን የ100 ግራም፣ በግሪክና በቱርክ የኪሎ ሊሆን ይችላል። ዓሣው ወደ ማብሰያ ከመግባቱ በፊት ፊትዎ ላይ ይመዘን፣ ድምር ዋጋውም በቁጥር ይነገርዎት። ከተበላ በኋላ የሚነሳ ክርክር የትም አያደርስም።

ደረጃ 4፦ ሲሲሊ፣ ከጠዋቱ ግራኒታ እስከ ካኖሎ

በምሥራቅ ሲሲሊ፣ በካታኒያና በመሲና፣ የሙቀት ወራት ቁርስ ግራኒታ የሚባል ደቃቅ የበረዶ ጣፋጭ ነው፤ አናቷ ላይ ጉብ ያለች ለስላሳ ብርዮሽ ዳቦ አብራ ትመጣለች። ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ። የዳቦዋን ጉብታ ይገንጥሉና ግራኒታው ውስጥ ነክረው ይጀምሩ። ጥሩ ግራኒታ እንደ ክሬም የሚለሰልስ፣ የበረዶው ቅንጣት በምላስ ላይ በጣም ደቃቅ የሆነ ነው። ቀለሙ ከታች ተጠራቅሞ ከላይ ነጭ በረዶ ብቻ ከቀረ የተፈጨ በረዶ ላይ ሽሮፕ ፈስሶበታል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የአልሞንዱን ይምረጡ፤ የሠሪው ችሎታ እሱ ላይ ይታያል።

ጄላቶ (የጣሊያን አይስክሬም) ላይ ቀለሙን ይመልከቱ። ጀላቲ የምንለው ቃል ከዚሁ ቢመጣም ነገሩ ሌላ ነው። የፒስታቺዮ ፍሬ ራሱ አረንጓዴ ነው፤ ተቆልቶ ተፈጭቶ ከወተት ጋር ሲዋሃድ ግን ወደ ቡናማ ያደላል። ደማቅ አረንጓዴ ጄላቶ ቀለም ተጨምሮበታል። የሙዝ ጄላቶ ግራጫማ ነጭ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነ ይለፉት። ከሳህኑ ጠርዝ በላይ እንደ ተራራ የተከመረ ጄላቶም አየርና ማርጊያ የበዛበት ነው። ክዳን ባለው የብረት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ይሻላል። በትንሽ ማንኪያ ቅመሱ ማለታቸው ደንብ ነው፤ ሳያፍሩ ሁለት ዓይነት ይጠይቁ።

ካኖሎን በደንብ ለመረዳት ሪኮታን ማወቅ ያስፈልጋል። ሪኮታ አይብ ከተሠራ በኋላ የቀረውን አጓት እንደገና በማሞቅ የሚወጣ ነው። ከአሬራ ከምናወጣው አይባችን ጋር በአሠራር ዘመዳም ናቸው። የሲሲሊው ሪኮታ ከበግ ወተት ነው፤ በጎቹ ለምለም ሣር በሚያገኙበት በክረምታቸውና በጸደይ፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ይበልጥ ይጣፍጣል። በሐምሌና በነሐሴ የበግ ወተት ስለሚቀንስ ብዙ ቤቶች የላም ወተት ይቀላቅላሉ። ሲገዙ እንዲህ ያድርጉ፦

መደርደሪያው ላይ ባዶ ቅርፊቶች ቆመው፣ ሪኮታው ማቀዝቀዣ ውስጥ ለብቻው መሆኑን ይዩ። «አል ሞሜንቶ?» ብለው ይጠይቁ፤ «አሁኑኑ ይሞላል?» ማለት ነው። ቅርፊቱ ላይ እንደ ቁስል ፊኛ ያሉ እብጠቶች መታየት አለባቸው፤ ሊጡ በሙቅ ስብ ውስጥ በደንብ መጠበሱን ይመሰክራሉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ይብሉት። ሲነክሱት መሰበሩ ካልተሰማ የቆየ ነው። አንዳንድ ቤቶች የቅርፊቱን ውስጥ በቸኮሌት ይቀቡታል። ይህ የሪኮታውን እርጥበት ያዘገየዋል፤ ማጭበርበር አይደለም፣ ግን የተሞላው ቀደም ብሎ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ወደ ማረፊያዎ ሊወስዱ ከሆነ ቅርፊቱንና ሪኮታውን «ሰፓራቲ»፣ ለየብቻ ያስጠቅልሉ።

«የብሮንቴ ፒስታቺዮ» የሚል ጽሑፍ በየቦታው ያያሉ። ብሮንቴ በኤትና እሳተ ገሞራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ፍሬውን የሚለቅሙት በሁለት ዓመት አንዴ፣ በፈረንጆቹ ጎዶሎ ቁጥር ዓመት ነው። ስለዚህ ምርቱ ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ ነው። በየሱቁ በርካሽ የተደረደረው ሁሉ ከዚያ ሊመጣ አይችልም።

ፓሌርሞ ላይ የመንገድ ምግብ ፍለጋ ወደ ባላሮ ወይም ካፖ ገበያ ከረፋዱ 5 ሰዓት ግድም ይሂዱ። ፓኔሌ የሽንብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና ቅጠል ተገንፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተቆርጦ የሚጠበስ ነው፤ ሰሊጥ ባለው ዳቦ ውስጥ ሎሚ ተጨምቆበት ይበላል። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ የለም። ሆኖም ዘይቱ ውስጥ አይብ ያለበት ነገርም እንደሚጠበስ አስቡና ይጠይቁ። ዱለት የሚወድ ሰው ደግሞ የጣፊያ ሳንድዊቹን ይሞክር። «ስኬታ» ካሉ ሎሚ ብቻ፣ «ማሪታታ» ካሉ አይብ ይጨመርበታል። የሚጠበሰው በአሳማ ስብ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ።

የሩዝ ኳሷ በፓሌርሞ አራንቺና፣ በካታኒያ አራንቺኖ ትባላለች። ስሟን ሲሳሳቱ ያርሙዎታል፤ ነገሩን ከልባቸው ይይዙታል። ታኅሣሥ 13 በፈረንጆቹ፣ በቅድስት ሉቺያ ቀን፣ ፓሌርሞዎች ዳቦና ፓስታ ትተው አራንቺናና ኩቺያ የሚባል የስንዴ ንፍሮ በሪኮታ ይበላሉ። በዚያ ቀን ከተማው ውስጥ ካሉ ከጠዋቱ ጀምሮ የሚጠበሰውን ትኩስ ያገኛሉ። በሌላ ቀን ኳሷን ጫን ብለው ይንኳት፤ ውስጧ ቀዝቃዛ ከሆነ ከትናንት የተረፈች ልትሆን ስለምትችል አይብሉ።

ደረጃ 5፦ ቱርክ፣ ባቅላባና ኩነፌ

የጋዚያንቴፕ ባቅላባ በ2013 የአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ ያለው የቦታ ስም አግኝቷል፤ ከቱርክ ምርቶች የመጀመሪያው ነበር። ከተማዋ ከባሕሩ ራቅ ብትልም ሠሪዎቿ በየጠረፉ ከተማ ይገኛሉ። መለያዎቹ እነዚህ ናቸው። ሹካ ሲገባ ይንኮሻኮሻል። የታችኛው ንብርብር ሽሮፕ ጠጥቶም አልረገበም። ሳህኑ ላይ ሽሮፕ አይጠራቀምም። መጀመሪያ የሚሸትዎ ቅቤ እንጂ ስኳር አይደለም። ከበሉ በኋላ ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ ወይ ቅቤው ደካማ ነው፣ ወይ ሽሮፑ በዝቷል። እዚህ የፒስታቺዮው አረንጓዴነት አያሳስብዎ፤ ሳይበስል ቀድሞ የተለቀመ ፍሬ በተፈጥሮው ደማቅ ነው።

አበላሉ ላይ የአካባቢው ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ቁራጩን በሹካ አንስተው ይገለብጡትና ታቹን ወደ ላንቃ አድርገው ይነክሱታል። ቅቤውና ሽሮፑ ያለው ታች ስለሆነ ጣዕሙ ቶሎ ይደርሳል። አብሮ ስኳር የሌለው ሻይ ወይም ውሃ ይጠጣል። ፍሪጅ ውስጥ በፍጹም አያስገቡት፤ ቅቤው ይረጋል፣ ሽሮፑ ስኳር ይሠራል።

ኩነፌ የአንታክያ ነው። ከተማዋ በየካቲት 6 ቀን 2023 (በፈረንጆቹ) በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድታለች። ጣፋጩ ግን በመርሲንና በአዳናም ይሠራል። ጨው የሌለው ትኩስ አይብ በቀጫጭን የሊጥ ክሮች መካከል ገብቶ በትንሽ ሳህን ከሁለቱም ወገን ይጠበሳል። ይህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ባዘዙ በሁለት ደቂቃ ከመጣ የተሞቀ ነው። ለዚህ ነው ኩነፌን ምግቡ ሳያልቅ ማዘዝ የሚያዋጣው። እንደመጣ፣ አይቡ እየተሳበ ሳለ፣ ይብሉት።

መርሲን ላይ ሌላ ሁለት ነገር አይለፉ፦ በሰፊ ምጣድ ላይ ደቅቆ ተጠብሶ በስስ ቂጣ የሚጠቀለል ታንቱኒ የሚሉት ሥጋ፣ እና ጀዘርዬ የሚባል የካሮት ጣፋጭ። ጀዘርዬ ደረቅ ስለሆነ ለመንገድም ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ግሪክ፣ ቱኒዝያ፣ እስክንድርያ

ተሰሎንቄ ላይ ቁርስ ቡጋጻ ነው፤ ስስ ሊጥ ውስጥ የሰሞሊና ክሬም ወይም አይብ ገብቶ ይጋገራል። ትሪው ከምድጃ ሲወጣ ቆመው ይጠብቁ፤ ለመብላት እንዲመች ይቆራርጡልዎታል። ከ5 ሰዓት በኋላ የሚገኘው ሊጡ ረግቦ ነው። ኪዮስ ደሴት ከደረሱ ደግሞ «ማስቲካ» የምንለው ቃል ከየት እንደመጣ በአፍዎ ያገኙታል። የማስቲሃ ዛፍ ሙጫ የሚለቀመው በደሴቷ ደቡብ ነው፤ የአመራረቱ ዕውቀትም በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የሚቀርበው በረዶ ውሃ ውስጥ በተነከረ ማንኪያ ነጭ ጣፋጭ ሆኖ ነው። ማንኪያውን እየላሱ ውሃውን ይጠጣሉ፤ በትኩስ ከሰዓት ከዚህ የሚያረካ የለም።

ቱኒዝያ ውስጥ በሲዲ ቡ ሰዒድ ባምባሉኒ ይጠበሳል። ስሙ ከቦምቦሊኖ ጋር ዘመድ መሆኑ ለጆሮ ግልጽ ነው፤ ቀለበት ሆኖ ስኳር ተነስንሶበት ይሰጣል፣ እጅ እያቃጠለ ይበላል። ላብላቢ የሽንብራ ሾርባ ነው፤ ደረቁን ዳቦ ሳህኑ ውስጥ ቆራርሰው እርስዎ ራስዎ ያዘጋጃሉ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከሙንና ሀሪሳ ይገባበታል። ሀሪሳ በ2022 በዩኔስኮ የተመዘገበ የበርበሬ ድልህ ሲሆን አዋዜ ለለመደ ሰው አይከብድም፤ ቢሆንም ሩብ ማንኪያ ይጀምሩ። በስስ ሊጥ ታጥፎ የሚጠበሰው፣ እንቁላል የገባበት ብሪክ በእጅ፣ ሁለት ጫፉን ይዘው፣ ከመሐሉ ነው የሚነከሰው። ከጠርዝ ከጀመሩ አስኳሉ ልብስ ላይ ይፈሳል።

እስክንድርያ ላይ ፉልን ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይብሉ። የግብፅ ፈላፍል «ጣዕሚያ» ይባላል፤ ከሽንብራ ሳይሆን ከባቄላ ስለሆነና ቅጠል ስለሚበዛበት ሲሰብሩት ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሲጠበስ እያዩ ይግዙ፤ ከቀዘቀዘ ዘይት ይጠጣል።

ደረጃ 7፦ ጾም፣ ሐላልና አለርጂ

ሁለት ቃል ይያዙ። በግሪክ «ኒስቲሲሞ»፣ በግብፅ «ሲያሚ»፤ ሁለቱም «የጾም» ማለት ናቸው። በግብፅ በዐቢይ ጾም ኬክ ቤቶች ሳይቀሩ «ሲያሚ» ብለው ይለጥፋሉ፤ ትርጉሙም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። የግሪኩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እነሱ በጾም ሽሪምፕ፣ ኦክቶፐስና ካላማሪ ስለሚበሉ «ኒስቲሲሞ» ከተባለ ሳህን ላይ የባሕር እንስሳ ሊወጣ ይችላል። ያለ ስጋት የሚበሉት የሰሊጥ ሐላዋ፣ በዘይት የተሠራ የሰሞሊና ሐላዋ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት የተሰሎንቄ ኩሉሪ የሚባል ቀለበት ዳቦ እና ሉኩሚ የሚባል ለስላሳ የስኳር ጣፋጭ ናቸው። የግሪክ ባቅላባ ብዙውን ጊዜ ቅቤ አለበት። በፍልሰታ የመጀመሪያ ሳምንት ግሪኮችም ስለሚጾሙ መጠየቁ አያስገርማቸውም።

ለሙስሊም ተጓዥ ዋናው ጥያቄ ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ጣፋጩም ነው። የካኖሎ ቅርፊት በባህሉ ሊጡ ማርሳላ የሚባል ወይን ይገባበታል፣ በአሳማ ስብም ይጠበሳል። ዛሬ ብዙዎች በዘይት ይጠብሱታል፤ «ስትሩቶ?» ብለው ይጠይቁ፣ የአሳማ ስብ ማለት ነው። የኔፕልስ ባባ የሚባለው ኬክ «ሩም» በሚባል አልኮል የራሰ ነው። «አል ቡሮ» የሚባለው አራንቺና ውስጥ ካም የሚባል የአሳማ ሥጋ ይገባል። በስፔኗ ማዮርካ ደግሞ ኤንሳይማዳ የሚባለው ጣፋጭ ዳቦ ስሙን ያገኘው ከአሳማ ስብ ነው።

የፒስታቺዮ፣ የአልሞንድ ወይም የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰው አለርጂውን በአገሩ ቋንቋ ካርድ ላይ አስጽፎ ይያዝ። በእነዚህ ኩሽናዎች አንድ ቢላ ሁሉን ይቆርጣል፣ አንድ ትሪ ሁሉን ይይዛል፤ ሻጩ «የለበትም» ቢልም ንክኪ አይቀርም።

ደረጃ 8፦ ሆድዎን ይጠብቁ

ብዙ ጊዜ የሚያሳምመው ቅመሙ ሳይሆን ሙቀት ላይ የዋለ ክሬም፣ ሪኮታና እንቁላል ነው። በሙቀት ወራት ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆመ የሪኮታ ኬክ አይንኩ። ሙሰል የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ጥሬውን ከመንገድ አይብሉ። በግብፅና በቱኒዝያ የሸንኮራ ጭማቂ ሲገዙ ብርጭቆው እንዴት እንደሚታጠብ ይዩ፣ በረዶም አያስጨምሩ። ተቅማጥ ከያዘዎ ኦአርኤስ ይግዙ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክ ሆኖ፣ አሟምተው ቀስ እያሉ ይጠጡ። ደም ከታየ ወይም ትኩሳት ከጨመረ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ደረጃ 9፦ ይዞ መመለስ

ለመንገድ የሚሆነው ደረቁ ነው፦ ሉኩሚ፣ ጀዘርዬ፣ የሰሊጥ ሐላዋ፣ የኪዮስ ማስቲሃ፣ እና ቱርኮች «ኩሩ ባክላቫ» የሚሉት፣ ሽሮፑ ተቀንሶ ለጉዞ ተብሎ የሚሠራው። መደበኛውን ባቅላባ የሚወስዱ ከሆነ ሳጥኑን ጠፍጣፋ አድርገው በእጅ ይያዙት፤ ከተዘቀዘቀ ሽሮፑ በአንድ ወገን ተጠራቅሞ ግማሹ ይደርቃል። የፒስታቺዮ ክሬም፣ ጣሂና (የተፈጨ ሰሊጥ)፣ ሀሪሳና ማር በአየር ማረፊያ ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ይታያሉ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነው ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ፣ በፕላስቲክ ሁለቴ ተጠቅልሎ ይግባ።

ከኅብረቱ ውጭ ካለ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድም። ስለዚህ የኩነፌ አይብ ከቱርክ ወደ ሮም ወይም ፍራንክፈርት ለመውሰድ አይሞክሩ። ወደ ሳዑዲ የሚመለስ ደግሞ ከሲሲሊ የገዛውን ጣፋጭ ማሸጊያ ያስነብብ፤ ማርሳላ ወይም ስትሩቶ የሚል ከተጻፈበት እዚያው በልቶ ይጨርሰው ወይም ለሌላ ይስጠው።